ጠብቆ ይነበብ

ጠጋ በሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ አልናገረውም። እኛ ሠፈር ባለሙያ ሴት የበርበሬ ምጥኗን ለጎረቤት አትነግርም። እኔም የእኔን ምጥን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

መድረክ ላይ የምታዩት ቀልደኛውን ነው። እሱ ከመውጣቱ በፊት ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ በእርሳስ የተሞነጫጨረ ወረቀት የሚያቀብለውን ሰው አታዩትም። ያ ሰው እኔ ነኝ። ለሠርግ ጽፌያለሁ፣ ለሬዲዮ ጽፌያለሁ፣ ለዘመን መለወጫ ዝግጅት በአንድ ሌሊት ዐሥር ገጽ ጽፌ ጠዋት ላይ ዘጠኙ ተጥሎብኛል። ሰው ሲስቅ ቀልደኛው ይጨበጨብለታል፤ ሰው ካልሳቀ ደግሞ «ጽሑፉ ነው» ይባላል። ደሞዙ ይኸው ነው።

ሥራውን ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ፊደል ለይታ ማንበብ የጀመረች ሰሞን በመንገድ ያገኘችውን ሁሉ ታነብ ነበር፤ የሱቅ ስም፣ የመኪና ታርጋ፣ የግድግዳ ማስታወቂያ። አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ የብረት በር ፊት ቆመች። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጎተተች አነበበችና የመጨረሻዋን «ለ» አላልታ ጨረሰችው። ቀጠል አድርጋ ቀና ብላ አየችኝና፣ ታሪክ እንደተጀመረለት ሰው እየጠበቀች፣ «ምን አለ?» አለችኝ።

በዚያች ጥያቄ ስንት ዓመት እንጀራ እንደበላሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደላችን ለብዙ ነገር ቤት ሠርቷል፤ ለማጥበቅና ለማላላት ግን ቤት አልሠራም። «አለ» ስትጠብቅ ውሻው ግቢ ውስጥ ነው፤ ስትላላ ውሻው ይናገራል። «ዶሮ ይሸጣል» የሚለው ጽሑፍ «ሸ» ላይ ስትጠብቅ ዶሮው የሚሸጥ ነው፤ ስትላላ ዶሮው ራሱ ነጋዴ ነው። «ክለቡ ዋና አሠልጣኝ ቀጠረ» የሚለውን የስፖርት ዜና «ና»ን አላልታችሁ አንብቡት። ክለቡ ዋናተኛ የሚያሠለጥን ሰው አመጣ ማለት ነው። ይህችን አንድ ጊዜ ለክረምት ዝግጅት ጽፌያታለሁ፤ የሰማው ሰውዬ «ልክ ናቸው፤ ያ ሜዳ በነሐሴ ሌላ ምን አሠልጣኝ ያስፈልገዋል?» ብሎ ይመልሳል።

ድሮ የንባብ ቤት ተማሪ ይህን ሁሉ በጆሮው ነበር የሚማረው። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እየተባለ፣ የኔታ እያረሙት፣ የሚጠብቀውን አጥብቆ የሚላላውን አላልቶ እስኪያወርደው ድረስ ይደግማል። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲጽፉ ከሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ እያኖሩ ነበር። አንባቢ እንዳይሳሳት አስበው ነው። ልማዱን ግን የተከተላቸው ብዙ ሰው የለም። በጆሮአችሁ ልንገራችሁ፤ እግዜር ይመስገን! አገሩ ሁሉ ነጥብ ቢያኖር ኖሮ እኔ ዛሬ ሌላ ሥራ ፈላጊ ነበርኩ።

ነጥብ የሌለው ጸሐፊ የግድ ሲሆንበት በቅንፍ «ጠብቆ ይነበብ» ይላል። ለቁም ነገር ይሁን፤ ቀልድ ውስጥ ግን ቅንፍ አስገባችሁ ማለት ሙሽራዋን ከሚዜዎቹ በፊት ፊቷን ገልጣችሁ አሳያችሁ ማለት ነው።

ይህን በደንብ የተማርኩት ባፈርኩበት ቀን ነው። ቦታው የሠርግ አዳራሽ ነው፤ የማንም ሠርግ ይሁን፣ ቀልደኛውም ማንም ይሁን። የጻፍኩለት ታሪክ እንዲህ የሚል ነበር።

ልጅ አዲስ አበባ ይሠራል፤ እናት ገጠር ናቸው። ስልክ አላቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉ መልእክት ሲመጣ የጎረቤት ልጅ ጠርተው ያስነብባሉ። አንድ ቀን በዚያው ልጅ እጅ «ልጄ፣ መቼ ነው የምታገባው?» ብለው ያስጽፋሉ። ልጅ ሥራ ላይ ነበርና በሁለት ቃል መለሰ፦ «ገና ነው።» ሦስት ወር አለፈ። ታኅሣሥ 28 ማታ ስልኩ ጮኸ።

«የት ደረሳችሁ?»

«እነማን?»

«አንተና ሙሽሪት ነዋ! ጠላው ደርሷል፣ ዳሱ ተጥሏል፣ በሬው በሩ ላይ ታስሯል። አገሩ ሁሉ እየጠበቀ ነው።»

«እማዬ! ገና ነው አላልኩሽም እንዴ?»

«ብለኸኛል እንጂ! ነገ አይደል?»

ወረቀቱን ለቀልደኛው ሰጠሁት፤ አንድ ጊዜ አነበበው፤ «ገባኝ» አለኝ። መድረክ ላይ ወጣና የልጁን መልስ ሲናገር «ና»ን ጥብቅ አድርጎ ተናገራት። ያኔውኑ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የልደት በዓልን አሰበ። ስለዚህ ልጁ እናቱን በገና አገባለሁ ብሎ ቀጥሯቸዋል። እናት ደግሰዋል። ልጁ ቀርቷል። ይህ ደግሞ የሚያስለቅስ እንጂ የሚያስቅ ነገር የለውም። ቀልደኛው የመጨረሻዋን ቃል ተናግሮ እጁን ዘርግቶ ሳቅ ሲጠብቅ ከጓዳ የሳህን ድምፅ ብቻ ተሰማ። ቆይቶ ከፊት ረድፍ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ከልባቸው አዝነው ጠየቁ፦ «ታዲያ ልጁ ለምን ቀረ?»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፊደሉ ሁለቱንም ስለሚይዝልኝ ስጽፈው ችግር አልታየኝም። አፍ ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ መናገር አይችልም፤ አንዱን መርጦ ነው የሚናገረው። ምርጫው ደግሞ መጀመሪያ የላላው መሆን አለበት፤ ሰው ልጁ እንዳሰበው ማሰብ አለበት፤ «ገና ነኝ፣ አልደረስኩም» ማለቱ እንደሆነ አውቆ ልቡን አሳርፎ መቀመጥ አለበት። የጠበቀችው «ና» ጨርሶ መነገር የለባትም። እናትየው «ነገ አይደል?» ሲሉ አድማጩ ራሱ በጭንቅላቱ ውስጥ ያጠብቃታል። ቀልደኛው ካጠበቀለት ተነጠቀ፤ ራሱ ካጠበቃት ግን የእሱ ቀልድ ሆነች፤ ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ይነግራታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለምጽፍላቸው ሁሉ በእርሳስ ነጥብ አኖራለሁ። የምትጠብቀው ፊደል ራስ ላይ አንዲት ነጥብ። የላላው ላይ ምንም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር እንምጣ፤ የሚጠብቀውን ዋና ማለቴ ነው። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሲያገኝ ቀልድ ያገኘ ይመስለዋል። ቃል ግን እንጨት ነው፤ እሳቱ ተሳስቶ የሰማው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ሞኝ መሆን የለበትም። ሞኝ ከሆነ የምንስቀው በሞኝነቱ ነው፤ ያ ሳቅ ወዲያው ያልቃል፣ አንዳንዴም ይጎመዝዛል። የተሳሳተው ሰው ልክ መሆን አለበት። እሱ ባለበት ቦታ፣ እሱ በሚያውቀው ነገር፣ ሌላ ሊሰማ አይችልም ነበር ማሰኘት አለበት። ለዚህ ነው በኋላ ያቺን የገና ታሪክ ስጠግናት ለእናትየው አንድ ዓረፍተ ነገር የጨመርኩላቸው፦ «ልጄ ብልህ ነው፤ የነቢያት ጾም ሲፈታ ሠርጉን አብሮ አደረገው፤ በአንድ ወጪ ሁለት ድግስ!» ከዚህ በኋላ እናትየው አልተሳሳቱም። እንዲያውም ከልጃቸው ይበልጥ ያሰቡበት እሳቸው ናቸው።

የማልረሳትን ላሳያችሁ። አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይገባሉ።

«ልጁ ይስላል?» ይላል ሐኪሙ።

«ኧረ በጣም! ግድግዳ አልተረፈንም።»

«ማታ ማታ ይብስበታል?»

«ማታማ መብራት አጠፋበታለሁ።»

«ቀይ ነገር ይታያል?»

«የለም፤ ቀዩን እርሳስ እህቱ ወስዳበታለች።»

ሐኪሙ ስለ ሳል ይጠይቃል፤ እናት ስለ ሥዕል ይመልሳሉ። አንድም የተሳሳተ መልስ የለም፤ እያንዳንዱ መልስ ከጥያቄው ጋር እንደ ቁልፍና ጋን ገጥሟል። እዚህ ላይ አንዲት የሙያ ነገር ልሹክ ልበላችሁ፤ ይህ የተጻፈው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ የመጣችው ቀይዋ እርሳስ ናት። ከዚያ «ቀይ» የሚጠይቅ ማነው ብዬ ሐኪሙን አገኘሁት፤ ከዚያ ማታውን ጨመርኩ፤ «ይስላል» የመጣችው በመጨረሻ ነው። የሚያደምጥ ሰው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ሁሉም በራሱ የመጣ ይመስለዋል። ሦስት ጥያቄ ብቻ መሆኑም በልክ ነው፤ አራተኛውን ሞክሬዋለሁ፤ እናትየው አውቀው የሚያሾፉ ይመስላሉ፤ ያኔ ተበላሸ።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ማን እንዳደረገው፣ አድርጎ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ለማን እንዳደረገው የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። ቀልድም ሊፈነዳ የሚፈልገው እዚያው ነው። ሚስት ከሥራ ቦታ ለባሏ «ሕፃኑ ምሳ በላ?» ብላ ትጽፋለች። ባል ይመልሳል፦ «አልበላም።» እሱ «ላ»ን አጥብቆ ነው የጻፈው፤ እሷ አላልታ ታነባለች። «አንተን ማን ጠየቀህ!» ብላ ትመልሳለች።

የአክብሮቱንም ነገር አትርሱት። «እማማ መጡ» ሲባል አንዱ «ስንት ሆነው?» ይላል። ይህችን ግን አልፎ አልፎ ብቻ ነው የምጠቀማት፤ እማማ ከተናደዱ መመለሻ የለውም።

ለልምምድ ሚኒባስ ታክሲ የሚስተካከለው የለም። ገንዘብ ሳይኖረኝ እንኳ ለሥራ ብዬ እሳፈራለሁ። ረዳቱ ከበሩ ዘወር ብሎ «ሂሳብ!» ይላል። ከኋላ ወንበር ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ «ቲቸር፣ አላጠናሁም» ይላል። ታክሲው ይስቃል። አንዲት እናት መቶ ብር ያወጣሉ፤ ረዳቱ «እማማ፣ ዝርዝር የለዎትም?» ይላቸዋል፤ «ቤት ረስቼው ወጣሁ፤ ሽንኩርትና ዘይት ነው የሚለው» ይላሉ። አንዱ ሊወርድ ሲል «መልስ!» ብሎ ይጮኻል። ልጁ ከኋላ፦ «ጥያቄው ይደገምልን!» ሂሳብ፣ ዝርዝር፣ መልስ፤ ሂሳብና መልስ የኪስም የትምህርት ቤትም ቃል ናቸው፣ ዝርዝር ደግሞ የኪስም የገበያም። በአንድ ታክሲ ውስጥ ሦስቱ ተገናኝተው ማንም ሰው ልብ ሳይላቸው በቀን ሺህ ጊዜ ይጠራሉ። አንድ ዩኒፎርም ብቻ ነው የጎደላቸው። ልጁ ባይኖር፣ ወይም ዩኒፎርሙን አውልቆ ቢሳፈር፣ ያው ቃል ያው ገንዘብ ሆኖ ይቀር ነበር። በዚያን ቀን «ወራጅ አለ!» ሲባል ልጁ ምን እንዳለ ልትገምቱ ትችላላችሁ። እኔ ግን አስታወስኩና ብቻዬን ሳቅሁ፤ ልጄም እንዲሁ ነበር ያለችው።

ከማጥበቅና ከማላላት ሌላ የፊደል ወንድማማቾች አሉ። በግእዝ «ሰረቀ» እና «ሠረቀ» ሌላና ሌላ ናቸው፤ አንዱ ሌብነት፣ አንዱ የብርሃን መውጣት ነው። ዛሬ በአማርኛ አፋችን ሁለቱ «ሰ» አንድ ሆነዋል። ስለዚህ አባቱ በክብር «ሠረቀ» ብሎ የሰየመው ምስኪን ሰው ለምስክርነት ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል።

«ስም?»

«ሠረቀ።»

«ማነው የሰረቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«በል ግባ።»

እንዲሁ «ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድህነት» ማጣት ነው። ሰባኪው «ለሁላችን ድኅነትን ያድለን» ሲል ሕዝቡ «አሜን» ይላል፤ ከዓምዱ ሥር የተቀመጡት አንድ አዛውንት ግን ዝም ይላሉ። ለምን ዝም እንዳሉ ሲጠየቁ «የእኔ ይበቃኛል፤ ለሌላው ይስጥልኝ» ይላሉ። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ይሁን እንጂ ከሁሉ ቀድመው የሚስቁት ካህናቱ ናቸው። አይገርምም። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ከእኔ ቀድሞ ነው ቃሉ ሁለት መሆኑን የሚሰማው። ዋሸራም ይሁን ጎንጅ፣ ዋድላም ይሁን፣ ተማሪው ዓመታት የሚፈጀው አንዱን ቃል ሁለት ቤት ለማሳደር ነው፤ ለዚህ ዓይነቱም ኅብር የሚል ስም አለው።

ግን ልዩነት አለ፤ ይህ ደግሞ የእኔ አስተያየት ነው። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የመጣው ከአንጥረኛ ነው። ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይሠራል፣ በሸክላ ይሸፍነዋል፣ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያፈሳል፣ በቦታው ወርቅ ይገባል። ወርቁ ከገባ ሰሙ የለም። ቅኔም ወርቁ ሲታወቅ ሰሙ ሥራውን ጨርሷል። በቀልድ ውስጥ ግን ሰሙ መቅለጥ የለበትም። ሐኪሙ ስለ ሳል እየጠየቀ፣ እናት ስለ ሥዕል እየመለሱ፣ ሁለቱም እስከ መጨረሻ በየራሳቸው ክፍል መቆየት አለባቸው። እናትየው «ውይ፣ ስለ ሳል ኖሯል!» ካሉ ቀልዱ ማብራሪያ ሆነ። ጀማሪዎች ሁልጊዜ ይህን ያደርጋሉ፤ ሰው እንዳይገባው ይፈራሉ።

ሰው እንዲያውም አብዝቶ ሊገባው ይችላል። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር እየተባለ የሚጠራው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የታገደው ባለሥልጣናቱ ስላልገባቸው አይደለም። አውሬዎቹን አይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ስለ አለቃ ገብረ ሐና ሳልናገር ባልፍ ሙያው ይቀየመኛል። አለቃ የፎገራ ሰው፣ ትልቅ ሊቅ፣ አቋቋሙን አዋቂ ነበሩ። የተክሌ አቋቋም የሚባለውም በልጃቸው ስም የሚጠራው ነው። ሕዝቡ ግን ሊቅነታቸውን ትቶ ቀልዳቸውን ወሰደ። የሁሉንም ቀልድ ደግሞ እሳቸው ላይ ከመረባቸው። እኛ ጸሐፊዎች አንድ ልማድ አለን፤ አባት የሌለው ቀልድ ስናገኝ በአለቃ ስም እናስመዘግበዋለን። ሰው ገና «አንድ ቀን አለቃ ገብረ ሐና...» ሲባል ነው ፈገግ የሚለው፤ ግማሹን መንገድ ተጓዝን ማለት ነው። አህያ የምትነዳዋን ሴት ታሪክ የማያውቅ የለም። አለቃ «እንደምን አደርሽ የአህዮች እናት?» ቢሏት «ደህና፤ እንደምን አደርክ ልጄ?» አለቻቸው ይባላል። ይህ ታሪክ በሌላ አገርም በሌላ ሰው ስም ይነገራል። ለእኔ የሚገርመኝ ሕዝቡ ለአለቃ ሲሰጣቸው የተሸናፊነቱን ቦታ መስጠቱ ነው። ሴትየዋ ስድቡን አልመለሰችም፤ ተቀበለችውና ቤተሰቡን አሰፋችው።

ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲኬድ ነገሩ ይጣፍጣል፣ ይጠነቀቁበታልም። አንዲት ዘመዴ ጅዳ በሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። ዐረብኛ ገና አንድም ቃል አታውቅም። የቤቱ እመቤት በመጀመሪያው ቀን ከሶፋዋ ሆና «ሞያ!» ትላታለች። በጅዳ ዐረብኛ ሞያ ውሃ ነው። የእኔ ዘመድ የሰማችው ግን የምታውቀውን ነው። አገሯ ላይ ሴት ስትታጭ የሚጠየቀው ይኸው አይደል? ልቧ ሞቀ፤ ቆም ብላ በአማርኛ በጣቷ እየቆጠረች መለሰች፦ «ዶሮ ወጥ፣ ድፎ ዳቦ፣ ጠላ...» እመቤቲቱም ሰምታ ሰምታ፣ የበለጠ ጮክ ብላ «ሞያ! ሞያ!» አለቻት። «ጠጅም እጥላለሁ» አለች ዘመዴ። ይህን ስትነግረን እስከ ዛሬ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። እኔ ግን ለመድረክ ስጽፈው አንድ ነገር ተጠንቅቄያለሁ፤ ዘመዴ አላዋቂ ሆና እንዳትታይ። እሷ ሙያዋን ተጠይቃ ሙያዋን ነው የተናገረችው። ውሃ የጠማት ሌላዋ ናት።

በትግርኛ መውደድ «ፈተወ» ነው፤ በአማርኛ ጆሮ ግን «ፈታ» ብሎ ይመጣል። ጎረምሳው ልቡ እየመታ «እፈትወኪ» ይላታል። አማርኛ ብቻ የምታውቀዋ ልጅ ደንግጣ «ገና ሳንጋባ?» ትለዋለች። እዚህ ላይ የምንስቀው በሁለቱ መሐል ባለው ክፍተት ነው፤ ጎረምሳውም ልጅቱም ክብራቸው እንዳለ ነው። የሰውን የአነጋገር ቅላጼ ቀድቶ ማሳቅ ግን ሌላ ነው። እኔም በወጣትነቴ ጽፌዋለሁ፤ አዳራሹም ስቋል። አንድ ቀን ግን ከሚስቁት መሐል ያ ቅላጼ የራሱ የሆነ ሰው አየሁ፤ አፉ ይስቃል፣ ዓይኑ መሬት ያያል። ያችን ወረቀት ቀደድኳት። ቀላል ገንዘብ ነበር።

በካሴት ዘመን ሥራው ንጹሕ ነበር። ተስፋዬ ካሳ ብቻውን፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ጥንድ ሆነው ሲያስቁን ፊታቸውን አናይም ነበር፤ ሁሉም ነገር በድምፅ ነበር የሚያልፈው። ጥንድ መሆን ደግሞ ለዚህ ሥራ ትልቅ ጸጋ ነው፤ አንዱ በትክክል ይናገራል፣ ሌላው በትክክል ይሳሳታል። ሰው የሚያስታውሰው የተሳሳተውን ነው። እኔ ግን ባርኔጣዬን የማነሳው ለመጀመሪያው ነው፤ ፊቱን ሳያጥፍ፣ ሳቁን ውጦ፣ ጥያቄውን እንደ ቁም ነገር የሚጠይቀው እሱ ነው።

አሁን ዘመኑ ቴሌግራም ነው። ድምፅ ጠፋና ጽሑፍ መጣ፤ ጽሑፍም በላቲን ፊደል መጣ። ላቲን ደግሞ ማጥበቂያ አይጽፍ፣ «ቀ»ን ከ«ከ»፣ «ጨ»ን ከ«ቸ» አይለይ! አንድ ባል አሜሪካ ሆኖ የከበደ የፈቃድ ፈተና ማለፉን ለሚስቱ ጻፈላት። እሷ አዲስ አበባ፣ ሥራ ላይ፣ በአንድ እጇ «ኮርቻለሁ» ብላ በላቲን መለሰች። እሱ ያነበበው «ቆርጫለሁ» የሚል ነው። እኩለ ሌሊት ተነሥቶ ደወለ። «ምኑን ነው የቆረጥሽው?» «ምን ቆረጥኩ?» «ራስሽ ጽፈሽ!» «እኔ ባንተ ነው የጻፍኩት!» «እኮ፣ በእኔ!» ይህን የነገረኝ ራሱ ባልየው ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም፤ ለመድረክ ሳዘጋጀው የቆረጥኩት ብቻ አለ። ነገርየው ለአሥር ደቂቃ ቀጥሎ ነበርና።

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ጎበዝ ወጣት የገናዋን ታሪክ ሰጠሁት። እሱ ተወልዶ ፊደል ሳይቆጥር የጻፍኳት ናት፤ ብዙ አፍ ውስጥ ገብታ ወጥታለች። በጥሩ ወረቀት ገልብጬ፣ የእናትየውን ብልህነት ጨምሬ፣ በመጨረሻው «ገና ነው» ላይ፣ በ«ና» ራስ ላይ፣ እርሳሴን ሹል አድርጌ ነጥቧን አኖርኩ፤ በአፉ እንዳያወጣት፣ በልቡ ብቻ አጥብቋት እንዲያልፍ። ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ፣ በስልኩ መብራት፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ነጥቧ ጋ ሲደርስ ቆመ። አቀረባት፣ አራቃት። ገባው ብዬ ደስ አለኝ።

በአውራ ጣቱ ጥፍር ፈገፈጋት። አልለቅ ስትለው ምራቁን እትፍ አድርጎ አሻት።

«ዝንብ ነው መሰለኝ፣ ጋሼ» አለኝ፤ «አሁን ጠፍቷል።»